አልበቀለም ብዬ የደፋሁት አፈር

በ2015 ማርች መጨረሻ ላይ ጓሮዬን ስቆፍር የወጣው ሽታ እስካሁን አይረሳኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከአምስት ወር በፊት አሥራ ሁለት የሊሊ አበባ ራስ ተክዬ ነበር። ራስ የምለው ከአፈር በታች ያለውን፣ የሽንኩርት ራስ የሚመስለውን ክፍል ነው። የጎረቤቴ ቱሊፕ ሲያብብ የእኔ ጓሮ ዝም አለ። ጨነቀኝና በትንሿ አካፋ ገለጥ አደረግሁት። አሥሩ ቡናማ ሆነው ላሽቀዋል። በጣቴ ስነካቸው እንደ አጥሚት ፈሰሱ። ሁለቱ ብቻ ጠንካራ ነበሩ።

እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ። ያ ጓሮ ከአገር ከወጣሁ በኋላ የራሴ ብዬ የቆፈርኩት የመጀመሪያው መሬት ነበር። ለራሶቹም ከ100 ዶላር በላይ አውጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌሎች ሁለት ከባድ ስህተቶች ሠራሁ። ዛሬ ጓሮዬ ውስጥ ሰባት ዓይነት ሊሊ አለ፤ አብዛኛውም ከዘር በእጄ ያሳደግሁት ነው። እዚህ ለመድረስ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ከሲያትል በስተ ደቡብ ነው። ሊሊን የወደድኩት አበባ መሸጫ ውስጥ አይደለም። በ2014 ጁላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ወደ ካስኬድ ተራሮች በእግር ስንወጣ መንገዱ ዳር አንድ ብርቱካንማ አበባ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አየሁ። የአበባው ቅጠሎች ወደ ኋላ ተጠቅልለው ነጠብጣባቸው እንደ ነብር ቆዳ ይታያል። የዚሁ አገር በቀል ነው፣ ኮሎምቢያ ሊሊ ይባላል አሉኝ። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ራሱን ቆፍረው ለምግብ ያውሉት እንደነበር በኋላ አነበብኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሊሊ ማለት ለእኔ ለሠርግ የሚገዛው፣ ሽታው ክፍል የሚሞላው ትልቁ አበባ ብቻ ነበር። እሱ ሰው ያዳቀለው ነው። በተፈጥሮ በእስያ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚበቅሉ ወደ 100 የሚጠጉ ዝርያዎች እንዳሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ተራራ ላይ ስታዩት ቆፍሬ ልውሰደው የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። እኔም መጥቶብኝ ነበር። እባካችሁ አታድርጉት። ብዙ ቦታ ክልክል ነው። ባይከለከልም ከዱር የተነቀለ ሊሊ ጓሮ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዘር ይሸጣል፤ በዘር ጀምሩ።

ወደ ጭቃው ልመለስ። እማዬ አዲስ አበባ ናት፤ እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ያን እሑድ ነገርኳት።

«የት ነው የተከልሽው?» አለችኝ።

«አጥሩ ሥር፣ ዝቅ ያለው ጋ። እርጥበት ይይዝልኛል ብዬ።»

«ልጄ፣ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሽንኩርት ይተከላል እንዴ? ነጭ ሽንኩርቱን መደብ ከፍ አድርጌ ስተክል አላየሽም?»

አይቻለሁ። ልጅ ሆኜ ያንን መደብ ራሴ ኮትኩቻለሁ። ነገር ግን አበባ ሲሆን ሌላ እውቀት የሚጠይቅ መስሎኝ እቤት የተማርኩትን ረሳሁት። ሊሊ ልክ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ሥሩ ውሃ ይወዳል፣ ራሱ ግን ውሃ ውስጥ መተኛት አይችልም።

ዝናቡን ደጋግሜ ሳስብ ሌላም ነገር ገባኝ። በዓመት ሲደመር ሲያትል የሚዘንበው ከአዲስ አበባ አይበልጥም፣ እንዲያውም ያንሳል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። አዲስ አበባ ዝናቡ የሚወርደው ተክል በሚያድግበት ወቅት ነው። እዚህ ግን በብዛት የሚዘንበው ከኦክቶበር እስከ ማርች፣ በብርዱ ወራት ነው። ያኔ ሊሊ ተኝቷል፤ ውሃውን የሚጠጣ ቅጠል የለውም። ጁላይና ኦገስት ላይ፣ አበባው ውሃ ሲፈልግ ደግሞ ሰማዩ ይደርቃል። ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው፤ በብርዱ ጊዜ ውሃውን ማሳለፍ፣ በሙቀቱ ጊዜ ማጠጣት።

ያጠፋሁት ሌላም ነገር ነበር። የጓሮዬ አፈር ከባድ ሸክላ ነው። ውሃ እንዲያሳልፍ ብዬ ጉድጓድ ቆፍሬ ከሥሩ አሸዋና ጠጠር ጨምሬበት ነበር። ይህን ምክር ብዙ ሰው ይሰጣል። በሸክላ አፈር መካከል አሸዋ የሞላው ጉድጓድ ግን ባልዲ ማለት ነው። የአካባቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይገባና መውጫ ያጣል። አሁን ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ ወደ ላይ እገነባለሁ። ከመሬቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ እሠራለሁ። አፈሩን ከበሰበሰ ኮምፖስትና ከፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጋር እቀላቅላለሁ፤ ፑሚሱ ሲሶ ያህል ይሆናል። ቤታችሁ ተዳፋት ካለው ደግሞ ተዳፋቱ ላይ ትከሉ።

ጥልቀቱን በራሱ ቁመት ለኩ። ራሱ አምስት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጉድጓዱ 15 ይሁን። ብዙዎቹ ሊሊዎች ከራሱ በላይ ካለው ግንድ ላይ ሌላ ሥር ያወጣሉ፤ ግንዱን የሚይዘውና የሚመግበው እሱ ጭምር ነው። ማዶና ሊሊ የሚባለው፣ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን የሚበቅለው ነጩ ግን ከዚህ ይለያል። እሱ ላይ ላዩን፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ ለብሶ መተከል ይፈልጋል። ጥልቅ ብትተክሉት እንደ ተቀየመ ሰው ዓመታት ሳያብብ ይቀመጣል።

ከጭቃው የተረፉት ሁለቱ ራሶች ሬጋል ሊሊ ነበሩ። ታሪኩን ሳነብ ይበልጥ ወደድኩት። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ኧርነስት ዊልሰን በ1910 ከቻይና ሲቹዋን ግዛት፣ ከሚን ወንዝ ሸለቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ራሶችን ሰብስቦ ሲመለስ ከገደሉ ድንጋይ ተንዶ እግሩን ሰበረው። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አነከሰ። ራሶቹ ግን አሜሪካ ደረሱ። ያ ሸለቆ የሙቀቱ ወራት የሚያቃጥል፣ የብርዱ ወራት የሚያንዘፈዝፍ፣ መሬቱም ድንጋያማ ገደል ነው። የእኔ አጥር ሥር ያለው ረግረግ ምን ያህል እንዳልተስማማው አስቡት።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ፤ ልቤን የሰበረውና መልሶ የጠገነው እሱ ነው።

ራስ መግዛት ውድ ስለሆነብኝ ዘር ማፈላለግ ጀመርኩ። የሰሜን አሜሪካ ሊሊ ማኅበር አባላቱ ከጓሯቸው የሚሰበስቡትን ዘር የሚያካፍልበት አሠራር አለው። ሌሎች የአትክልት ማኅበራትም እንደዚሁ። ዋጋው ከራስ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። በ2016 ጃንዋሪ አራት ዓይነት ዘር አግኝቼ በአራት ፖት ዘራሁ፤ ሬጋል፣ የታይዋኑ ፎርሞሳ ሊሊ፣ ማርታጎንና ያን ተራራ ላይ ያየሁትን ኮሎምቢያ ሊሊ። ወጥ ቤት መስኮት ላይ ደረደርኳቸው።

ሬጋልና ፎርሞሳ በሦስተኛው ሳምንት ልክ እንደ ሽንኩርት ችግኝ ቀጭን አረንጓዴ ክር ሆነው ብቅ አሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማርታጎንና ኮሎምቢያ ግን ምንም። ፌብሩዋሪ አለፈ፣ ማርች አለፈ፣ ኤፕሪል አለፈ። ውሃ አጠጣለሁ፣ አያለሁ፣ ባዶ አፈር ነው። ሜይ ላይ ዘሩ ሙት ነበር ብዬ ሁለቱንም ፖቶች ጓሮ ጥግ ደፋኋቸው።

ሴፕቴምበር ላይ ጎመን ልተክል ያንን ጥግ ስቆፍር ነጫጭ ነገሮች አየሁ። መጀመሪያ ትል መሰሉኝ። ሰብሰብ አድርጌ እጄ ላይ ሳያቸው የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ የሊሊ ራሶች ናቸው። ቅጠል የላቸውም፣ ሥር ግን አላቸው። ብዙዎቹን በአካፋዬ ቆርጫቸዋለሁ። አፈሩን በወንፊት አበጥሬ በሕይወት ያገኘሁት ሰባት ብቻ ነው።

የሊሊ ዘር ሁለት ዓይነት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ነበር የዘራሁት። አንዳንዱ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ በሳምንታት ውስጥ ቅጠሉን ወደ ላይ ያወጣል። ሬጋልና ፎርሞሳ እንዲህ ናቸው። ሌላው ግን መጀመሪያ ከአፈር በታች በድብቅ ትንሽ ራስ ይሠራል። ቅጠል የሚያወጣው ረጅም ብርድ ካለፈበት በኋላ ነው። ማርታጎን፣ ኮሎምቢያ፣ የምሥራቅ አሜሪካዎቹ ካናዳ ሊሊና ሱፐርበም ሁሉ እንዲህ ናቸው። በተፈጥሮ ዘሩ በመከር ይረግፋል፣ አፈር ውስጥ ራሱን ይሠራል፣ ብርዱን ተኝቶ ያሳልፋል፣ ከዚያ ቅጠሉን ያሳያል። እኔ የብርዱን ጊዜ አልሰጠሁትም ነበር።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ዘሩን በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ከማያንጠባጥብ እርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ጋር ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ እጨምራለሁ። ሦስት ወር በክፍል ሙቀት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አቆየዋለሁ። በላስቲኩ ውስጥ ስለሚታይ እንደ መስኮቱ ፖት ጭንቀት የለውም፤ ትንንሾቹ ራሶች ሲፈጠሩ በዓይኔ አያለሁ። ከዚያ ሌላ ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ አካባቢ። ፖምና ሙዝ ካለበት መሳቢያ አርቁት፤ የበሰለ ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ይጎዳዋል። ላስቲኩ ላይ የዘሩን ስም፣ የገባበትን ቀንና «እንዳይጣል» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ጻፉ። እኛ ቤት ፍሪጅ የምታጸዳ እህት አለችኝ፤ አንድ ላስቲክ በእሷ እጅ ሄዷል። ብርዱን ሲጨርስ ፖት ውስጥ ተክዬ ደጅ አወጣዋለሁ።

ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አልዋሻችሁም። ፎርሞሳ በዘራችሁት በዓመቱ ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ፖት ፎርሞሳ ይኑራችሁ፤ ልባችሁን ይጠብቅላችኋል። ሬጋል ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ማርታጎንና ኮሎምቢያ አምስትም ሰባትም ዓመት ሊወስዱ ይችላሉ። በመጀመሪያው ዓመት የምታዩት አንዲት ቅጠል ብቻ ነው። ያቺን ቅጠል ቀንድ አውጣ ከበላት ዓመቱ አለቀ። እዚህ አገር ደግሞ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ለጉድ ነው። ትንንሽ ችግኞች ያሉባቸውን ፖቶች መሬት ላይ አላስቀምጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው የማቆያቸው። ማታ ማታ በባትሪ መብራት እየፈለግሁ እለቅማለሁ።

የ2016ቱ ሬጋል በ2018 ጁን አበበ። ከሥራ ማታ ስመለስ በሩ ላይ ሳለሁ ነው ሽታው የደረሰኝ። ሬጋል ሲመሽ ነው ሽታው የሚበረታው። መኪናዬን ሳላጠፋ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

ሦስተኛው ስህተት ከዚህ ደስታ ጋር አብሮ አፈር ውስጥ ነበር፤ ያኔ አላወቅሁትም። በ2017 መከር አንድ ሰው በቅን ልቦና ከጓሮው ነቅሎ ታይገር ሊሊ ሰጠኝ። ብርቱካንማ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ፍሬ የሚያፈራ ነው። ያ ፍሬ ሲወድቅ ይበቅላልና በቀላሉ ይራባል። ደስ ብሎኝ ሬጋሎቹ መካከል ተከልኩት። በ2019 ጁን የሬጋሎቹ ቅጠል ላይ ገርጣ ያለ ረዣዥም መስመር ወጣ። ቅጠሉ ተጠማዘዘ፣ እንቡጡ ተጣሞ ከፈተ። ማዳበሪያ አንሶት ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩ። አልተሻለውም።

ቫይረስ ነበር። ታይገር ሊሊ ቫይረሱን ይዞ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መኖር ይችላል። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከእሱ ጠጥቶ ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ በሽታውን ይዞት ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። ከዘር ያሳደግኳቸውን ከሃያ በላይ ተክሎች ነቅዬ በላስቲክ አስሬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ። ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። ያን ቀን የተሰማኝ ከመጀመሪያው ጭቃ የባሰ ነው፤ እነዚህን ከዘር ጀምሬ አውቃቸዋለሁ።

ያተረፈኝ አንድ ነገር ነው። የሊሊ ቫይረስ እንደ ደንቡ በዘር አይተላለፍም። ከታመሙት ሬጋሎች ያለፈውን መከር የሰበሰብኩት ዘር ፖስታ ውስጥ ነበር። በሚቀጥለው ጃንዋሪ እንደገና ዘራሁት፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚወዳችሁ ሰው ራስ ሲሰጣችሁ ተቀበሉት፣ አመስግኑ፣ ነገር ግን ከሌሎቹ ርቆ ፖት ውስጥ ሁለት ዓመት ይቆይ። ቅጠሉ ላይ መስመር ካያችሁ አትራሩ። ታይገር ሊሊን እኔ ከሌሎች ሊሊዎች ጋር አንድ ጓሮ ውስጥ አላኖረውም። ክሽክሽ ደግሞ ገና ሲታይ በጠንካራ ውሃ እጠቡት።

ንጹሕ ተክል ሲኖራችሁ ማባዛቱ ደስ ይላል። የሊሊ ራስ እንደ ሽንኩርት የተሸፈነ አይደለም፤ ወፍራም ቅርፊቶች ተደራርበው ነው የተሠራው። መከር ላይ ግንዱ ሲደርቅ ራሱን አውጡና ከውጭ በኩል አምስት ስድስት ቅርፊት ከሥሩ ተጠግታችሁ ገንጥሉ። ከዚህ በላይ ካልወሰዳችሁ እናትየው አትጎዳም፤ መልሳችሁ ትከሏት። ቅርፊቶቹን አጥባችሁ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አድርቁ። ከዚያ እንደ ዘሩ በእርጥብ ቨርሚኩላይት፣ በላስቲክ፣ በክፍል ሙቀት አስቀምጡ። ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ውስጥ ቅርፊቱ ከተገነጠለበት ጫፍ ላይ ምስር የሚያካክሉ ግልገል ራሶች ይወጣሉ። አንዳንዱ ቅርፊት ሁለት ሦስት ይሰጣል። ሁለት ወር ያህል ፍሪጅ፣ ከዚያ አፈር። ሻጋታ የያዘውን ቅርፊት ወዲያው አውጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እርጥበት መብዛቱ ነው። ቅርፊት ግን እንደ ዘር አይደለም፤ የእናትየውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። የተጠራጠራችሁትን ተክል በዚህ መንገድ አታባዙ።

የእኛ አካባቢ ሰዎች ስለ ቀዩ ጥንዚዛ ማወቅ አለባችሁ። በዋሽንግተን ስቴት በ2012 ቤልቪው ላይ ነው የተገኘው። ደማቅ ቀይ ነው፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ግንዱን ባዶ ያስቀረዋል። ሲነካ ይወድቅና ጥቁር ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይጋደማል፣ አፈሩ ላይ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳሙና ያለበት ውሃ በኩባያ ከሥሩ ደቅኑ፣ ከዚያ ቅጠሉን ነካ አድርጉ። ከኤፕሪል ጀምሮ የቅጠሉን ጀርባ እያገላበጣችሁ ብርቱካንማ እንቁላሎቹን ጨፍልቁ።

ድመት ያላችሁ ግን እባካችሁ እዚህ ላይ ቁሙ። ማንኛውም ሊሊ ለድመት ገዳይ ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ጸጉሯ ላይ የሚራገፈው ብናኝ፣ አበባው የተቀመጠበት ውሃ ሳይቀር። ኩላሊቷ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሥራ ያቆማል። ስታስመልስ እስክታዩ አትጠብቁ፣ እንደ ነካችው ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዷት። እኔ ልጄ ድመት ስትጠይቀኝ በሊሊ ምክንያት እምቢ ብያለሁ። ድመቷ ካለች ደግሞ ሊሊው ይቅር።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ አዲስ አበባ ይሆናል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሊሊ በአፍሪካ በተፈጥሮ አይበቅልም። ብዙዎቹም የብርድ ወራት ካላገኙ አይሆኑም። ፎርሞሳ ግን ከሞቃት አገር የመጣ ስለሆነ ብርድ ብዙም አይሻም። እንዲያውም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጓሮ አምልጦ እንደ ወራሪ አረም ተቆጥሯል። ስለዚህ የሚሞክረው ሰው አበባው ሲረግፍ ግንዱ ላይ የሚቀረውን የዘር ከረጢት ሳይፈነዳ መቁረጥ አለበት። ዘር በሻንጣ ከመላክ በፊትም የኳራንቲን ፈቃድ ይጠየቅ።

ከጎመኑ መደብ ያተረፍኳቸው ሰባት ራሶች በ2017 ማርች አንዳንድ ቅጠል አወጡ። ሦስቱ በቀንድ አውጣ ሞቱ። አራቱ የኮሎምቢያ ሊሊ ነበሩ። በ2021 ጁን ከአራቱ አንዱ ሁለት አበባ ከፈተ፤ ብርቱካንማ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ የተጠቀለሉ። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። «ዘሩን እንዳታባክኚው» አለችኝ።

አላባከንኩትም። ከረጢቱ ቢጫ ሆኖ ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ቆርጬ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አደረቅሁት። ዘሩ እንደ ብራና የሳሳ ነው። ወደ ብርሃን ይዛችሁ ስታዩት መካከሉ ላይ አጭር ጥቁር መስመር ያለበት ደህና ነው፤ ባዶው አይበቅልም። ከዚያ ወዲህ በየመከሩ አዲስ ላስቲክ አዘጋጃለሁ። አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ አለ፣ ደጅ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ባዶ አፈር የሚመስል ፖት። ላዩ ላይ በማይለቅ ቀለም የዘራሁበትን ቀን ጽፌ፣ ከሥሩ «ሁለት የብርድ ወቅት ሳያልፍ እንዳይደፋ» ብዬበታለሁ።